ደረቁ እጄ

መቱ ውስጥ ሱሪው ልክክ ያለለት ወንድ ካያችሁ የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ልክክ ያላለለት ካያችሁ ደግሞ ገና ወደ እኔ አልመጣም ማለት ነው። ጉራ ነው ትሉኛላችሁ። አዎ ጉራ ነው፤ ግን እውነት ነው። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። ከሰልባጅ ተራ አንድ አሮጌ ኮት ገዛሁና ክሩን በምላጭ እየተረተርኩ ፈታሁት። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት እንደመጣ አየሁ፣ መልሼ ገጠምኩት። ተንሻፈፈ። ደግሜ ፈታሁት፣ ደግሜ ገጠምኩት። በመጨረሻ ኮቱ ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን በተሻለ ቆመ። በቃ፣ ልብስ ሰፊ ሆንኩ።

ሰው ግን ከስፌቴ ይልቅ የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። ከመቱ እስከ ቡሬ እኔ ያልገባሁበት ሰርግ ወጡ ጨው ያነሰው ነው የሚመስለው። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰልስት ካለፈ በኋላ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲንፈቀፈቁ ካያችሁ፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ ማለት ነው። ከቀልዶቼ ሁሉ ዋናዋ ደግሞ ስለ እጄ የምቀልዳት ነበረች። "ስትጨብጡኝ ተጠንቀቁ፣ ክንዳችሁ ይደርቃል" እላለሁ። "ሶር ፏፏቴ እጄን አንዴ ብነክር በማግስቱ በካልሲ ትሻገሩታላችሁ" እላለሁ። ሰው ይንከባለላል።

ያቺን ቀልድ አሁን አልነግራትም። ለምን እንደተውኳት ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት፤ ግን እየሳቀ ነው የሚጽፈው እንዳትሉ። ተናድጄ ነው የምጽፈው። እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

የተወለድኩት ዳሪሙ፣ ከቡና መሀል ነው። በቤታችን አንድ ልማድ ነበር። ልጅ ነፍስ ሲያውቅ አባቴ እፍኝ የቡና ዘር ይሰጠዋል፤ ከጓሮ ትንሽ መደብ ይከልልለታል፤ ልጁ በገዛ እጁ ይዘራል። ከበቀለ እጁ ለምለም ነው ይባላል፣ ይመረቃል፣ ከዚያ በኋላ ከትልልቆቹ ጋር ችግኝ ይተክላል። ካልበቀለ ምን እንደሚባል ከእኔ በፊት ማንም አያውቅም ነበር። የሁሉም በቅሏል። የታላቅ ወንድሜ በቅሏል፣ የእህቶቼ በቅሏል።

የእኔ አልበቀለም።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው፤ የወተት ጥርሴን ገና ነቅዬ አልጨረስኩም። ጠዋት ጠዋት ሳልታጠብ ሮጬ መደቤን አያለሁ። በጣሳ ውሃ አጠጣለሁ። ዶሮ ካለፈበት በድንጋይ አባርራለሁ። ምንም የለም። አንድ ቀን አባቴ መጣና በዱላው ጫፍ አፈሩን ጫር አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝና "ሀርካ ጎጋ!" አለኝ። ደረቅ እጅ ማለት ነው። በክፋት አይደለም፤ እየሳቀ ነው ያለው። ወንድሜ ሳቀ፣ እህቶቼ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው፣ እኔም ሳቅኩ! ሁሉም እየሳቀ ብቻዬን ላልቅስ?

ከዚያን ቀን ወዲያ ስሜ እሱ ሆነ። በክረምት ችግኝ ሲተከል፣ ዘመድና ጎረቤት በደቦ ሲወጣ፣ የእኔ ቦታ ከአጥር ውጪ ነው። ችግኙን እንዳልነካ። ጭራሽ ሥራም አገኙልኝ።

"አንተ ሀርካ ጎጋ፣ ናማ አጥሩ ላይ ቁምና አስቀን!"

"ችግኙ አጠገብ ግን ድርሽ እንዳትል!"

እቆማለሁ። ዝናቡ ሲመጣ የኮባ ቅጠል ራሴ ላይ አድርጌ እቀልዳለሁ። እነሱ ጭቃ ውስጥ ሆነው ይተክላሉ፣ ይስቃሉ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ሚስት አግብቼ፣ መቱ ላይ ሱቅ ከፍቼ እንኳ፣ ክረምት ዳሪሙ ስሄድ ቦታዬ አጥሩ ነበር። ማንም "ግባ" አላለኝም። እኔም ልግባ አላልኩም። አምኜዋለኋ! ጓሮዬ ውስጥ ጎመን የምትተክለው ሚስቴ ነች። ቤት ውስጥ ያለውን የአበባ ጣሳ እንኳ ውሃ አላጠጣም፤ ይሞትብኛል ብዬ።

አስቡት እስቲ። በዚህ እጅ መብራት በጠፋበት ቤት መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። የሞተ የስፌት ማሽን ከመቃብር አስነሳለሁ። ሙሽራ ሰርጓ ዋዜማ ላይ የተበላሸ ቀሚስ ይዛ እያለቀሰች መጥታ እየዘፈነች ትሄዳለች። ይህንን የመሰለ እጅ ይዤ ነው ለአንዲት የቡና ፍሬ አልበቃም ብዬ የኖርኩት።

አባቴ ካረፈ በኋላ መሬቱ በእናቴ እጅ ቆየ። እህቶቼ ርቀው ተድረዋል። ወንድሜ የድርሻውን አሮጌ ቡና ነቅሎ በአዲስ ተክቶታል፤ ጎበዝ ገበሬ ነው፣ አልዋሽም። የእኔ ድርሻ የሚባለው ከወንዙ ማዶ ያለው ነው። እዚያ ያለው ቡና አርጅቶ ግንዱ ሽበት አብቅሏል፤ ፍሬው ከቅርንጫፉ ያንሳል። መስቀልን ለማክበር ዳሪሙ የሄድኩ ጊዜ፣ ከተበላ ከተጠጣ በኋላ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ እንደተቀመጠ፣ ወንድሜ ነገሩን አነሳው።

"እማዬ፣ የማዶው መሬት ለእኔ ይሰጠኝ። መሬት ቡና ነው የሚፈልገው፣ ቀልድ አይፈልግም።"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?"

ቀልዴ መጣችልኝ። ምላሴ ላይ ደርሳለች። ለጋሼ ስጪው፣ እኔ ከያዝኩት በረሃ ይሆናል ልላት ነው። በቃ፣ መሬቴን በሳቅ ልሸኘው ነበር። ግን አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ቀደመኝ።

"እሱ ከያዘውማ ለከርሞ ዳሪሙ ላይ ግመል ነው የምናረባው!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ግመሏ የእኔ ናት! ስንት ሰርግ ላይ የነገርኳት የራሴ ቀልድ ናት። በሌላ ሰው አፍ ስሰማት ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ለካ ስድብ ናት። ለካ ይህን ሁሉ ዘመን በየሰርጉ እየዞርኩ ራሴን ስሰድብ ኖሬያለሁ፤ በነፃ!

ፊቴ ጋለ። "እኔ እተክለዋለሁ" አልኩ።

ባሰባቸው። አዲስ ቀልድ መስሏቸው ጭራሽ አጨበጨቡ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም። "የምርህን ነው?" አለችኝ።

"የምሬን ነው።"

"እንግዲያው ፋሲካን መቱ፣ አንተ ቤት ነው የምውለው። ወንድምህም ይመጣል። በእጅህ ያበቀልከው የቡና ችግኝ ካሳየኸኝ መሬቱ ያንተ ነው። ካላሳየኸኝ የእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።"

ኅዳር ላይ ቡና ሲደርስ ተመልሼ ሄድኩ። ወንድሜ ግቢ ጀንፈሉ፣ ከነገለባው የሚደርቀው ቡና ማለቴ ነው፣ ፀሐይ ላይ በሰሌን ተሰጥቷል። ከእሱ ዘግኜ ኪሴ ጨመርኩ። መቱ ገብቼ ፈለፈልኩት፣ ከቤቴ ጓሮ መደብ ሠራሁና ዘራሁት። ጠበቅኩ። ገና መጣ፣ ሄደ። ጥምቀት መጣ፣ ሄደ። መደቡ እንደ ባዶ ጠረጴዛ ቁጭ ብሏል። ጎረቤቶች በአጥር ያዩኛል። "ምን ቀብረህ ነው በየቀኑ የምትጠይቀው?" ይሉኛል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ የሚሆን መልስ አላጣም ነበር።

ሚስቴን "አባቴ ልክ ነበር" አልኳት።

እሷ ደግሞ ምላሷ ከእኔ ማሽን ይፈጥናል። "ሱሪ ስታበላሽ እጄ ደረቅ ነው ትላለህ? አትልም! ክሩን ትሰድባለህ፣ ማሽኑን ትሰድባለህ፣ ባለሱሪውን ቂጡን ትሰድባለህ። ቡና ላይ ሲሆን ነው እጅህን የምትሰድበው?"

እውነቷን ነው። ስፌት ሲበላሽብኝ ቁጭ ብዬ እጄን አላይም፤ እፈታዋለሁ። ወዲያው ተነሳሁና መደቡን ቆፈርኩት። ፍሬዎቹ ጠቁረው በስብሰዋል። አንዳቸውም ሥር አላወጡም፤ ለማውጣት እንኳ የሞከረ የለም። የዘራኋቸው ጊዜ የሞቱ ነው የሚመስሉት። በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ዳሪሙ ሄድኩ።

ወንድሜ ገበያ ወጥቶ እናቴ ብቻዋን ነበረች። ጓዳ ገብቼ አየሁ። ጥግ ላይ ጥላ ውስጥ ሰፌድ አለ፤ ሰፌዱ ላይ ነጣ ያለ፣ ገና እርጥበት ያለው የቡና ፍሬ ተሰጥቷል።

"ይሄ ምንድነው እማዬ?"

"የወንድምህ ዘር ነዋ።"

"ለምን ፀሐይ ላይ አያወጣውም?"

ሳቀችብኝ። "ፀሐይ የበላው ቡና ይቆላል እንጂ ይዘራል እንዴ? ይሞታል እኮ! ለዘር የሚሆነው ቀዩን ለቅመህ፣ ፈልቅቀህ፣ ጥላ ውስጥ ነው። ይሄንን የማያውቅ የዳሪሙ ሰው አለ?"

አለ። አጥር ላይ ቆሞ የኖረ ሰው አያውቅም። ዘር ሲዘጋጅ "ዞር በል" የሚባል ሰው ከየት ያውቃል? ደሜ እየፈላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

"እማዬ፣ ያን ጊዜ፣ ልጅ ሆኜ፣ አባዬ ለእኔ የሰጠኝ ዘር ከየት የዘገነው ነው?"

የሰፌዱን ፍሬ በእጇ አመስ አመስ አደረገች።

"ከሰሌኑ ላይ ነዋ" አለች።

"ፀሐይ ላይ ከነበረው?"

"ያን ዓመት ዘሩ ጥቂት ነበር። አንተ ደግሞ ተራህ ሳይደርስ ለእኔም ስጡኝ ብለህ አለቀስክ። ዝም ይበል ብሎ ነው አባትህ ከሰሌኑ ዘግኖ የሰጠህ። ለጨዋታ ነው እኮ ልጄ።"

"ታዲያ ሳይበቅል ሲቀር?"

"ረሳዋ! ማን የልጅ ጨዋታ ያስታውሳል?"

"አንቺ ግን አልረሳሽም።"

"እኔማ…" አለች፤ ነጠላዋን ሰበሰበች። "አንተ ትስቅ ነበር። እነሱ በጠሩህ ቁጥር ከሁሉ በላይ የምትስቀው አንተ ነበርክ። ደስ ያለህ መስሎኝ ነው።"

ወጥቼ ሄድኩ። ምሳ ብላ ብትለኝም አልበላሁም። ወንዙን ተሻግሬ እዚያ የሸበተው ቡና መሀል ገባሁና ጮህኩ። ሙት አይሰደብም ይላሉ፤ እኔ ሰድቤያለሁ። የሞተ ዘር አስጨብጦኝ ሲያበቃ ሟቹ እጅህ ነው ያለኝን አባት፣ አባቴም ቢሆን ሰድቤዋለሁ። እናቴንም በሆዴ ሰደብኳት። አንዲት ቃል፣ "ዘሩ ነው" የምትል አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት?

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። ለራሴ የደረሰኝ ከሁሉ ባሰ። ያንን አሮጌ ኮት ስንት ጊዜ ነው የፈታሁት? ይሄን ግን አንድ ቀን እንኳ ፈትቼ አላየሁትም። አንድ እፍኝ ዘር ከየትም ለቅሜ፣ ማንም ሳያየኝ ደግሜ ብሞክር የሚይዘኝ ፖሊስ ነበር? አባቴ የቀለደው አንድ ቀን ነው። የቀረውን ዕድሜዬን ሙሉ የቀለድኩት እኔው ነኝ።

ጩኸቴ ሲያልቅ ቀና አልኩ። ከአሮጌዎቹ ዛፎች በጥላው በኩል ያሉት ዘግይተው ነው የሚበስሉት፤ አንዳንድ ቀይ ፍሬ ቀርቶባቸዋል። ለቀምኩ። ባርኔጣዬን ሞላሁ።

መቱ ስደርስ በጣቴ ፈለቀቅኩት፣ አጠብኩት፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ብጣሽ ጨርቅ አንጥፌ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ አይቶ "ደግሞ ቡና መስፋት ጀመርክ?" ይለኛል። "አርፈህ ተለካ" እለዋለሁ። የካቲት ላይ ዘራሁ፣ ሣር አለበስኩት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣሁ። ሚስቴን "እንዳትነኪው፣ ውሃም እንዳታጠጪ" ብዬ አስጠነቀቅኳት።

እውነቱን ልናገር፣ ያኔ እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመንኩም። ሁሉን አውቄ፣ እናቴ ነግራኝ፣ የበሰበሰውን በዓይኔ አይቼ፣ አሁንም ውስጤ "ምናልባት እጅህ ይሆናል" ይለኛል። በልጅነት የተጣፈ ነገር ክሩ ቢበጠስም ምልክቱ አይለቅም። ፋሲካ እየቀረበ ሲሄድ እንቅልፍ አጣሁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ሣሩን ገለጥ ሳደርግ፣ አንገቱን የደፋ ነጭ ነገር ከአፈሩ ወጥቷል። ከጎኑ ሌላ። ከጎኑ ሌላ። በሚቀጥሉት ቀናት ቀጥ ቀጥ አሉ፤ ሁሉም ያችኑ የዘራኋትን ፍሬ እንደ ቆብ ደፍተዋል። መደቡ በሙሉ የሰልፍ ሜዳ መሰለ። በደስታ የጮህኩ መሰላችሁ? በንዴት ነው የጮህኩት! ሚስቴ ሌባ የገባ መስሏት የማማሰያ እንጨት ይዛ ወጣች።

"ይሄው!" አልኳት። "ይሄው! ይሄን ያህል ቀላል ነበር!"

የፋሲካ ዕለት እናቴና ወንድሜ መጡ። ዶሮው ተበላ፤ ከዚያ ጓሮ ወጣን። ወንድሜ ተንበረከከና አንዱን ቆብ በጣቱ ነካ አደረገ። ብዙ አየ።

"ሚስቱ ናት የዘራችው" አለ።

ሚስቴ ወገቧን ያዘች። "እኔ? ውሃ እንኳ እንዳላጠጣ ተከልክዬ የሰነበትኩትን? እኔ ጎመን ነው የምተክለው ጋሼ!"

ወንድሜ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ። "እንግዲያው ዘሩ ጥሩ ነበር ማለት ነው" አለ።

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እንዲያም ሆኖ አንቱታዬን አልጣልኩም።

"አዎ ጋሼ! ዘሩ ነው! ጥሩ ዘር ይበቅላል፣ የሞተ ዘር አይበቅልም! ዛሬ ሲበቅል ዘሩ ነው አሉ። ያኔ ሳይበቅል ሲቀር ለምን ዘሩ ነው አላሉም? ያኔ እርስዎ ትልቅ ልጅ ነበሩ። ጀንፈል እንደማይበቅል ያውቁ ነበር። አባዬ ያንን ጀንፈል ሲሰጠኝ አጠገቤ ቆመው ነበር! ሲበቅል ዘሩ፣ ሳይበቅል እጄ?"

ወንድሜ ወደ እናቴ ዞረ፤ እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ በዝግታ ቀና ብላ "የማዶው መሬት የእሱ ነው" አለች። "ቡናው ሲተከል ደቦውን የምጠራው እኔ ነኝ።"

ችግኙ አድጎ፣ በተከታዩ ዓመት ክረምት ደቦ ወጣ። የሸበተውን ነቅለን ጉድጓድ ቆፍረናል። እኔ በጭቃ እስከ ጉልበቴ ተነክሬ እተክላለሁ። አንዱ ጎረቤት ከላይ ሆኖ ተጣራ።

"ኧረ ደቦው ደረቀ! ያቺን የእጅህን ንገረን እንጂ!"

"አልነግርም።"

"ለምን?"

"ስድብ ናት።"

ወደሚቀጥለው ጉድጓድ ተሻገርኩ። እየተከልኩ ስለዚያው ጎረቤት ሱሪ አንድ ነገር ጣል አደረግኩ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀልድ አላለቀብኝማ! ለመሳቂያነት ራሴን ማቅረብ ነው የተውኩት።

ክረምቱ አልፎ ቡና ሲለቀም ወንድሜ ግቢ ነበርኩ። የልጁ ልጅ፣ አንዲት ፍንጭት ሴት ልጅ፣ "ለእኔም ዘር፣ ለእኔም ዘር" እያለች እግሩ ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች። እሱም እየሳቀ ከሰሌኑ ላይ ዘገነና ወደ ትንሽ መዳፏ ዘረጋ።

እጁን ከመሀል ያዝኩት።

"ከየት የዘገኑት ነው ጋሼ?"

"ለጨዋታ ነው እኮ።"

"ያፍሱት!"

"ምን ሆነሃል?"

"ያፍሱት አልኩ!"

አፈሰሰው። ግቢው በሳቅ ተሞላ፤ እኔ ከተናገርኩ ቀልድ ነው ብለው ደምድመዋል። አልሳቅኩም። ጓዳ ገብቼ ከሰፌዱ፣ ከጥላው ዘር፣ እፍኝ ሙሉ ዘግኜ መጣሁና በሁለት መዳፏ ላይ አፈሰስኩላት።

ልጅቷ እንባዋን በክንዷ ጠረገች። "ባይበቅልስ?" አለችኝ።

"ካልበቀለ ቆፍረን እናያለን" አልኳት።